በዋልቡርጋ ድንጋይ ላይ የቀረው ቦታ

ሆርስተርሞር፣ ኦክቶበር 4 ቀን 1976

ለአቶ ኤመራም ዳክማየር፣ ሬገንስቡርግ

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ፖስተኛው ብስክሌቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ «አልሃይድ፣ ከባቫሪያ ነው፤ ውርስ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ እስክከፍተው ድረስ አልሄድም አለ። ውርስ አለመሆኑን ሲሰማ ሻዩን እንኳ ሳይጨርስ ወጣ።

ስለዘገየሁ ይቅርታ፤ ድንች ለቀማ ላይ ነበርን። ደግሞም «ክብርት ወይዘሮ» ብለው ነው የጀመሩት። እኔ አግብቼ አላውቅም፤ ክብርት ብሎ የጠራኝም ሰው የለም። ለማን ነው ብዬ ፖስታውን መልሼ መላልሼ አገላበጥኩት።

የስሙን ትርጉም ጠይቀውኛል። የእናንተ አገር መምህር «ከፈረሰኛ ባላባት የወረደ ስም ነው» ማለቱን ሳነብ፣ ይቅር ይበለኝ፣ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ምን ባላባት አለ እዚህ! ያለው ጉምና ላም ነው። «ዳክ» በእኛ በረግረገኞቹ አነጋገር ጉም ማለት ነው። «ማየር» ደግሞ በድሮ ጊዜ የጌታ እርሻ ይዞ የሚያርስ፣ ግብሩን የሚከፍል ሰው ነው። አንድ ላይ ሲሆን ጉም ውስጥ ያለውን እርሻ የያዘ ሰው ማለት ነው። ጉሙ ሰሞኑን ገብቷል። ጠዋት ላሞቹ እግር የላቸውም፤ ጀርባቸው ብቻ ነው ሜዳው ላይ የሚንሳፈፈው። ላም ላልብ ስወጣ እኔም ጭንቅላቴ ብቻ ነው የሚታየው ይሉኛል።

ሁለተኛውን ጥያቄዎን አላለፍኩትም። «ዘመድ ነን ወይ?» ብለዋል። እንጃ። ከዚህ ቤት ወጥቶ ደቡብ የቀረ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ለመሆኑ ይህን ነገር ለምን ይህን ያህል ፈለጉት? በዚህ ዕድሜው ስሙን የሚጠይቅ ሰው አንድ ያስጨነቀው ነገር አለ።

አልሃይድ፣ ከዳክማየር እርሻ


ሬገንስቡርግ፣ ኦክቶበር 19 ቀን 1976

ለወይዘሪት አልሃይድ ዳክማየር

«ወይዘሮ» ስላልኩዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ። «ክብርት» ያልኩትን ግን አልመልሰውም፤ ይቆይልኝ። ድንቹስ እንዴት ሆነ?

ለምን ፈለጉት ላሉኝ እውነቱን ልንገርዎ። እኔ ከስሜ በቀር ከወላጅ ያገኘሁት ነገር የለም። በጦርነቱ ጊዜ፣ በ1917፣ አንዲት ሴት በጨርቅ ጠቅልላ በመነኮሳቱ የሕፃናት ማሳደጊያ በር ላይ ሰጠችኝ። «አባቱ ዳክማየር ይባላል፤ በዚህ ጥሩት» ብላ ሄደች። ኤመራም ያሉኝ መነኮሳቱ ናቸው፤ የከተማችን ቅዱስ ነው፤ እዚህ ድንጋይ ብትወረውር አንድ ኤመራም ትመታለህ። ዳክማየር ግን ከእኔ ሌላ የለም። ልጅ ሳለሁ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ ስሙን ቀስ ብዬ እጠራው ነበር፣ ምናልባት አቤት የሚል ቢገኝ ብዬ።

ሥራዬ የመቃብር ድንጋይ መቅረጽ ነው። ዕድሜዬን በሙሉ የሰው ስም ስቀርጽ ኖርኩ። ሚስቴ ዋልቡርጋ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት። ድንጋይዋን ራሴ ነኝ የሠራሁት፤ «ዋልቡርጋ» ብዬ ቀረጽኩና መሮው እጄ ላይ ቆመ። ከሥሩ ያለው ቦታ እስከ ዛሬ ባዶ ነው። በቀብሯ ዕለት ወንድሟ ሴፕ ቢራውን እንደያዘ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «እህቴን በር ላይ ተጥሎ በተገኘ ስም ልትቀብራት ነው? የማን እንደሆነ እንኳ በማታውቀው?» አለኝ። የመቃብር ቦታው የቤተሰባቸው ነው። እስከሚመጣው ዓመት የቅዱሳን ሁሉ በዓል፣ መቃብር ላይ ሻማ እስከምናበራበት ቀን ድረስ ጠብቆ፣ ያኔም ባዶ ከሆነ ሌላ ቀራጭ አምጥቶ የአባቷን ስም ሊያስቀርጽባት ነው። ሰላሳ አራት ዓመት አብራኝ የኖረች ሴት ከእኔ ጋር እንዳልኖረች ሆና ልትቀር ነው። ስም ከመቃብር በላይ ነው ይባላል፤ እኔ ዘንድ ከመቃብር በላይ ያለው ባዶ ድንጋይ ነው።

ለጦር መዝገብ ቤቱ ጽፌ ነበር፤ «ዳክማየር የሚባል ወታደር በየትኛውም ክፍለ ጦር አልነበረም» አሉኝ። ከዚያ ፖስታ ቤት ሄጄ የአገሩን የስልክ ማውጫ በሙሉ አገላበጥኩ። ስሙ ያለው በእናንተ ረግረግ ዙሪያ ብቻ ነው፣ በብስክሌት አንድ ቀን የማይፈጅ አገር ውስጥ። ትንሽ ራቅ ብሎ ብሬመን ውስጥ አንድ ዓሣ ሻጭ አለ። ከእሱ ወዲህ እስከ እኔ ድረስ ማንም የለም፤ ሙሉ አገር ባዶ ነው። ዓሣ ሻጩ ነው «ለእርሻው ጻፍ፤ ሁላችንም ከዚያ ነን። አልሃይድ ታውቃለች፤ ስልክ ግን የላትም፣ ጠላቷ ነው» ያለኝ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ እንዳይስቁብኝ ብቻ። ደብዳቤዎ ከመጣ ወዲህ በሕልሜ ጉም ላይ ስም እቀርጻለሁ። መሮው ይገባል፣ ፊደሉ ይወጣል፣ ዘወር ስል ጉሙ መልሶ ይሞላዋል። አያናድደኝም ደግሞ። እንደገና እጀምራለሁ።

ዘመድ ካልሆንን አይደለንም ይበሉኝ። ቁርጤን ባውቅ ይሻለኛል።

ኤመራም


ሆርስተርሞር፣ ኖቬምበር 8 ቀን 1976

አቶ ኤመራም፣

እንደምን ሰነበቱ? ባለቤትዎን ነፍሷን ይማር። በዓሉስ እንዴት አለፈ? ያ ሴፕ የሚሉት ሰውዬ እኔን ቢያገኘኝ ቢራውን ራሱ ላይ ነበር የማፈስለት።

ሕልም መፍታት አልችልም። ብቻ እዚህ እንዲህ ያለ ሕልም ያላየ ሰው የለም። ለእኔ የሚመጣብኝ የአባቴ የሃርም ነው። ከጦርነት የተመለሰው በጉም ቀን ነበር። ስምንት ዓመቴ ነው። እናቴ ፌና በር ላይ ቆማለች፤ እሱ ጉሙ ውስጥ ቆሟል፤ ቦት ጫማው ይታየኛል፣ ፊቱ አይታየኝም። እናቴ «ግባ እንጂ» ትለዋለች፤ እሱ አይገባም። በእውነት ትንሽ ቆይቶ ገብቷል። በሕልሜ ግን እስከ ዛሬ እዚያው ነው።

ደብዳቤዎን ለቤረንድ አነበብኩለት፤ መነጽሩ ላይ ስለተቀመጠበት የሰሞኑ አንባቢው እኔ ነኝ። ቤረንድ የመጀመሪያ ጎረቤታችን ነው። እዚህ የመጀመሪያ ጎረቤት ማለት ከዘመድ ይበልጣል። ልጅ ሲወለድ የሚያበስረው እሱ፣ ሰው ሲሞት የቤቱን ሰዓት የሚያቆመው እሱ፣ ሙሽራ ስትመጣ እጇን ይዞ ምድጃውን የሚያዞራት እሱ ነው። ከአባቴ ጋር አብሮ ዘምቷል። ሬገንስቡርግ የሚለው ላይ ስደርስ ፒፓውን ከአፉ አወጣ። «ፎቶ ካለው ይላክ» አለኝ።

«ለምን?» አልኩት።

«ዝም ብለሽ ጻፊ።»

ሽማግሌ ነው፤ ክርክር አይሆንለትም። ፎቶ ካለዎት ይላኩ።

አልሃይድ


ሬገንስቡርግ፣ ኖቬምበር 30 ቀን 1976

ወይዘሪት አልሃይድ፣

ፎቶው ይኸው። ከዋልቡርጋ ጋር ዳኑብ ዳር የተነሳነው ነው። ነፋሱ ባርኔጣዬን ሊወስድ ሲል እጄን ጭኜበት ነው፣ ለሰላምታ እንዳይመስልዎ። እሷ የምትስቀው በዚያ ነው።

በዓሉ ደህና አለፈ። ሴፕ መጣ፣ ባዶውን ቦታ አየ፣ «አንድ ዓመት» አለኝና ሄደ። ሻማ ግን ትቶላታል፤ ይህን ልክድበት አልፈልግም።

ለቤረንድ ሰላምታዬ ይድረስልኝ። ምን እንዳየ ይንገሩኝ። መልካም ገና።

ኤመራም


ሬገንስቡርግ፣ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1977

ወይዘሪት አልሃይድ፣

ገና አለፈ፤ አዲሱ ዓመትም ገባ፤ ከእርስዎ ግን ድምፅ ጠፋ። ታመው ይሆን? ወይስ እኔ አስቀይሜዎት ይሆን? የጻፍኩትን እያስታወስኩ ስመረምረው ከረምኩ፤ ምናልባት ስለ ሻማው ያልኩት ይሆን? ሆድ ሲባባ ሰው እንዲህ ነው፤ ያልተባለውን ሁሉ ይሰማል።

ፎቶው ላይ ምንም ካልታየ፣ አፈር ስሆን፣ «ምንም አልታየም» የሚል አንድ መስመር ይጣፉልኝ። ከዚያ በኋላ አላስቸግርዎትም።

ኤመራም


ሆርስተርሞር፣ ማርች 27 ቀን 1977

ኤመራም፣

ክረምቱን ሙሉ ዝም ያልኩት ተናድጄ ነው። አንተ ላይ አይደለም። «አንተ» ማለቴን ልብ በል፤ ለምን እንደሆነ አሁን ትደርስበታለህ።

ፖስታውን ስከፍተው አባቴ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ የማላውቃት ሴት አጠገብ ቆሞ አየኝ። ፎቶውን ይዤ እየሮጥኩ ቤረንድ ጋ ሄድኩ። አዲሱን መነጽር አድርጎ አየውና «ሃርም ነው» አለ።

«ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ይህን ሁሉ ዘመን?»

«የመጀመሪያ ጎረቤት ነኝ፣ አልሃይድ። ያየሁትን ሁሉ ብናገር ማን ጎረቤት ያደርገኛል?»

የነገረኝ እንዲህ ነው። ሁለቱም ቆስለው ሬገንስቡርግ የጦር ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ዜንታ የምትባል ልብስ አጣቢ ነበረች፤ በመስኮታቸው ሥር አንሶላ ታሰጣለች፤ አባቴ ከአንሶላው ጀርባ ያወራታል። ከዳኑ በኋላ ወደ ግንባር መለሷቸው። ሲሄዱ እሷ አርግዛ ነበር። አባቴም ያውቅ ነበር። ከዚያ በኋላ የት እንደደረሰች ቤረንድ አያውቅም፤ አለማወቁ አሁን ይቆጨዋል። አባቴ ትንሽ ሲጠጣ «ስሜን ደቡብ ትቼው መጣሁ» ይል ነበር። እኛ ቀልድ መስሎን እንስቅ ነበር። «ሃርም፣ ስምህ የታለ?» ሲሉት «እያደገ ነው» ይላል። እናቴም ትስቅ ነበር። እናቴ እሱን ስትጠብቅ አራት ዓመት ሙሉ ያንን ምድጃ አንድ ቀን አላጠፋችውም፤ ያናደደኝ ይኼ ነው።

አሁን ከባዱን ልንገርህ። ቁርጤን ብለሃልና።

አባታችን ዳክማየር አልነበረም። በወረቀት ሃርም ክራመር ነው። በእኛ አገር ስም የሚሄደው በደም አይደለም፣ በምድጃ ነው። እርሻው የእናቴ ነበር። አግብቶ የሚገባ ወንድ የራሱን ስም በር ላይ ጥሎ የምድጃውን ስም ያነሳል፤ ሲወጣም ትቶት ይወጣል። መንግሥት ቆይቶ «ከእንግዲህ ስም አይቀየርም» አለ። ያኔ ስሙን ይዘው የተገኙት ይዘውት ቀሩ፤ ዓሣ ሻጩም ሌሎቹም የእነሱ ልጆች ናቸው። ከዚያ ወዲህ የገባን ግን በወረቀት አንድ፣ በሰው አፍ ሌላ ሆንን። እኔም በወረቀት ክራመር ነኝ፤ እንደዚያ ብሎ የሚጠራኝ ግን ግብር ሰብሳቢው ብቻ ነው። የጦር መዝገብ ቤቱ ዳክማየርን ያጣው ለዚህ ነው። ዜንታ ግን «ማነህ?» ስትለው የምድጃውን ስም ነገራት፤ እዚህ ሰው ማነህ ሲሉት የሚመልሰው ያንን ነዋ።

ስለዚህ ቁርጡ ይኸውልህ። በእኛ ደንብ ስሙ ያንተ አይደለም። አባታችን የራሱ ያልሆነውን ነው የሰጠህ፤ ስሙ የእናቴ ምድጃ ነው፣ አንተ ደግሞ የእናቴ ልጅ አይደለህም።

ወንድሜ ግን ነህ። ይህን ለመጻፍ ነው ክረምቱ ያለቀብኝ።

አልሃይድ


ሬገንስቡርግ፣ ኤፕሪል 6 ቀን 1977

እትዬ አልሃይድ፣

እትዬ ማለት አልለመደብኝም። አንቺ ልበልሽ? ብዬዋለሁ እንግዲህ።

በአንድ ገጽ ላይ ስሜን ወስደሽ እህት ሰጠሽኝ። ደስ ብሎኝ አለቀስኩ፤ ከዚያ ከፍቶኝ አለቀስኩ፤ የትኛው ከየትኛው እንደቀደመ አላውቅም። ሥራ ገብቼ ለአንድ ወፍጮ ቤት ባለቤት ስም ስቀርጽ አንድ ፊደል ገደፍኩ። በዕድሜዬ ገድፌ አላውቅም።

ታዲያ ምን ልቅረጽ? ሴፕ ልክ ነበር ማለት ነው፤ ስሙ የእኔ አልነበረም። ክራመር ልበላት? ዋልቡርጋ ክራመር የሚባል ስም ሰምታ አታውቅም፤ ብትጠሪያት ዘወር አትልም። ገበያ ስትሄድም፣ ቤተ ክርስቲያን ስትዘምርም፣ ስትቆጣኝም ዳክማየር ነበረች። «ዳክማየር፣ እግርህን ጥረግ!» ነበር የምትለኝ። ለሌላ ሰው የማይሆን ስም ይዛ በደስታ ኖረች። አሁን ምን ብዬ ልንገራት?

በአባታችን አልተናደድኩም። መናደድ ነበረብኝ ይሆን? «እያደገ ነው» ያላት ቃል ግን ከጆሮዬ አልወጣችም። አስቦኛል ማለት ነው።

ወንድምሽ ኤመራም


ሆርስተርሞር፣ ኤፕሪል 24 ቀን 1977

ወንድምዓለም፣

ለዋልቡርጋ ምንም አትንገራት፤ ገና አልጨረስንም።

ባለፈው ሳምንት እናቴን በሕልሜ አየኋት። ጀርባዋን ሰጥታኝ አመድ ትጭራለች። «እማዬ፣ ያ ልጅ ይምጣ ወይ?» አልኳት። ከተቀመጠችበት አግዳሚ ወንበር ላይ ጠጋ አለች፣ አንድ ሰው የሚቀመጥበትን ያህል። እናቴ በሕይወቷም ብዙ አታወራም ነበር። ነቅቼ ቤረንድ ጋ ሄድኩና «ምድጃውን ማዞር ትችላለህ? ጉልበትህ እንዴት ነው?» አልኩት። «ማንን ነው የማዞረው?» አለኝ። «ሃርም ደቡብ የተወውን» አልኩት።

ስማኝ። ምድጃውን የሚዞር ሙሽራ ብቻ አይደለችም። አማች ይዞራል፣ ገረድ ትዞራለች፣ የሙት ልጅ ይዞራል። ምድጃችን ወለሉ መሐል ነው፤ ድስቱ ከላይ በሰንሰለት ተንጠልጥሏል። የመጀመሪያው ጎረቤት እጅህን ይዞ ሦስት ጊዜ ያዞርሃል፤ ከዚያ ሰንሰለቱን ትጨብጥና ስሙን ጮክ ብለህ ትላለህ። ከዚያ ወዲያ ማንም ደምህን አይጠይቅህም። እዚህ እንዲሁ የተወለደ ዳክማየር የለም፤ እኔንም ሕፃን ሳለሁ ታቅፈው አዙረውኛል። ስሙን የያዝነው ሁላችንም በዚያ በኩል ነው የመጣነው። አባትህ ሊሰጥህ አይችልም ነበር፤ እኔ ግን የምድጃው ባለቤት ነኝ፣ እችላለሁ።

በኦክቶበር ጉሙ ሲገባ ና። ስሙን ሳታየው እንዳትይዘው። ቤረንድ ያንን ሳያደርግ እንደማይሞት ምሎልኛል፤ አንተ ግን በሞቴ እንዳትዘገይበት። ጎመንና ቋሊማ እሠራለሁ። የባቫሪያ ሰው በላተኛ ነው ይባላል።

እህትህ አልሃይድ


ሬገንስቡርግ፣ ኖቬምበር 2 ቀን 1977

እህትዓለም፣

በሰላም ገብቻለሁ። ያቀበልሽኝ ዳቦ እስከ መንገዱ እኩሌታ፣ እስከ ዉርትስቡርግ እንኳ አልደረሰም። ለመጻፍ የዘገየሁት ለበዓሉ ለመድረስ ስቀርጽ ስለነበር ነው።

ስትሰናበቺኝ «ምድጃውን ስትዞር በእጅህ ምን ነበር?» ብለሽ ያልመለስኩልሽን አሁን ልመልስ። በግራ እጄ ይዤው የነበረው የዋልቡርጋ የራስ ሻርፕ ነው። አፍሬ ነው በጡጫዬ የደበቅኩት። አንቺ ድስቱን ስታወርጂ ስለነበር ምንነቱን አላየሽም። ቤረንድ ግን አይቷል። ልንጀምር ስንል ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ስንት ሰው ነው የማዞረው?» አለኝ።

«ሁለት» አልኩት።

«እንግዲያው ቀስ እንበል፤ ወይዘሮዋ ወለሉን አልለመደችውም» አለኝ።

ለዚህ ነው እንደዚያ የቆየነው። አንቺ ጉልበቱ ነው ብለሽ አዝነሽለት ነበር። ሰንሰለቱን ስጨብጥም ሻርፑ ከእጄና ከብረቱ መሐል ነበር፤ ጥላሸቱ እስከ ዛሬ አለበት፣ አላጥበውም።

ትናንት ጠዋት ከዳኑብ ጉም ተነስቶ መቃብሩን በሙሉ ሞልቶት ነበር። ሰው ሁሉ ሻማ ይዞ ይንሳፈፋል። ሴፕ ከመሐሉ ወጣ። ድንጋዩ ፊት ቆመ፣ ጎንበስ አለ፣ ማየት ስላልቻለ ፊደሎቹን አንድ በአንድ በጣቱ አነበበ።

«አገኘኸው ማለት ነው» አለኝ። «የማን ስም ነው?»

«የእህቴ።»

«እህት አለህ እንዴ?»

«አለችኝ።»

ባርኔጣውን አወለቀ። ሻማውን ሊለኩስ ሲሞክር ነፋሱ እምቢ አለው፤ በእጄ ከለልኩለት። ቆይቶ ጉሙ ሲገፈፍ፣ በሕልሜ እንደለመድኩት ይጠፋል ብዬ ዘወር አልኩ። ዋልቡርጋ ዳክማየር ይላል። እዚያው ነው።

ለቤረንድ ትንባሆ ልኬለታለሁ። ምድጃውን አደራ፣ እንዳታጠፊው።

ወንድምሽ፣ ኤመራም ዳክማየር